ጀርሙ የናቀው ሰው

ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ተላሂ! ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አልበቃ ካላችሁ በቅዱስ ሚካኤልም እምልላችኋለሁ፤ ወሎዬ ነኝ፣ በሁለቱም በኩል ዘመድ አለኝ። አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘብኝ እጄ ትሰበር። ግራዋ ትሁን ግን፤ ቀኟን እፈልጋታለሁ።

ምስክር ካስፈለገም ሳዳም አለ። ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጦ ለከብሳው ሩዝ ሽንኩርት እየላጠ ነው። ስጨርስ አነብለታለሁ፣ እሱም «እውነት ነው» ይላችኋል። ሳዳም ዋሽቶ አያውቅም። ያለበት ጉድለት እሱ ብቻ ነው።

ስሜ ሙሀባው ይባላል። ሪያድ ተቀምጦ የማያውቀኝ ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ነገ የሚጠረዝ ነው። ሱለይ ያለው ትልቁ መጋዘን በእኔ እጅ ነው። ቁልፉን የሚይዘው ባለቤቱ ሳዑዲ ቢሆንም፣ ያለ እኔ ፈቃድ ዝንብ አትገባም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ ነው፤ ፖሊስ ሲያየኝ እሱ ራሱ ነው መታወቂያ የሚያወጣው። ለጊዜው እረፍት ላይ ነኝ፤ ትልቅ ሰው አልፎ አልፎ እግሩን ዘርግቶ መተኛት አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን የሚዲያ ሰው ነኝ። «የሪያድ መለከት» የሚባለው የላይቭ ቻናል የእኔ ነው። እኔ ላይቭ ስገባ ከጅዳ እስከ ደማም ያለ ሐበሻ የጎረሰውን ሳያላምጥ ያዳምጣል። ተመልካቼ ብዛቱ ስልኩን ያንቀዋል። ሳዳም «ሠላሳ ምናምን ናቸው» ይላል፤ ምን ያድርግ፣ ዓይኑ ደካማ ነው።

የምንኖረው መንፉሐ ሰፈር ነው፤ እኔ፣ ሳዳምና ይማም፣ ሦስት ሆነን በአንድ ክፍል። ሳዳም ሱለይ ከእኔ ጋር ዕቃ የሚጭን ወጣት ነው። ካፊሉ፣ ማለት ያስመጣው አሠሪ፣ «ጠፍቶብኛል» ብሎ አመልክቶበት ሁሩብ ተብሏል። ሁሩብ የተባለ ሰው ጥላውን እንኳ ተጠራጥሮ ነው የሚሄደው። ይማም ደግሞ የክፍላችን መድኃኒት ቤት ነው። ከአገር ቤት ሰው በመጣ ቁጥር በሽሮና በበርበሬ መሐል ክኒን ያስመጣል።

ነገሩ የጀመረው በሚስማር ነው። ሳዳም መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚደረደርበትን እንጨት ሲያነሳ የዛገ ሚስማር ቅልጥሙን ሰነጠቀው። ሚስማር የምለው ለትሕትና ነው እንጂ ጦር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይወድቅ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ጀግና ቆሞ ሥራውን ጨረሰ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላቃሰተም። እንዴት ያለ ወንድ መሰላችሁ!

ማታውኑ ፋርማሲ ሄደ። ግብፃዊው ፋርማሲስት «የሐኪም ወረቀት የታለ?» አለው። እዚህ አገር «ቀይና ጥቁሯን ክኒን አምጣ» ብሎ በመስኮት እጅ መዘርጋት የለም። ሳዳም አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ይማም ሲያየው በደስታ ተነሳ።

«ወንድሜ፣ ሐኪሙ እዚህ ተቀምጦ ምን አንከራተተህ?» አለና ከአልጋው ሥር የሽሮ ፌስታሉን ጎተተ። «ቀይና ጥቁር አለኝ፣ ቢጫ አለኝ፣ ነጭ አለኝ። የቱን ትወዳለህ?»

«ለእግር የቱ ነው?»

«ቀይና ጥቁሯ ለሁሉም ናት። እኔ ለጥርሴ ወስጃት ወገቤን ሁሉ አድናኛለች።»

ሳዳም አንዷን ዋጠ። አንዷን ፈልቅቆ ዱቄቷን እንደ ሚጥሚጣ ቁስሉ ላይ ነሰነሰ። በማግሥቱ ቁስሉ ጠቆር፣ ጠበብ ሲል ጊዜ የቀሩትን በላስቲክ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ሸጎጠ። «ለክፉ ቀን» አለ። እኛ ሐበሾች መድኃኒት አንጨርስም፤ እንቆጥባለን። ክፉ ቀን ደግሞ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ፈጥኖ ደረሰ።

እግሩ አበጠ። ጥቂት አበጠ ስላችሁ እንዳይመስላችሁ፤ የሠርግ ድስት አከለ። ሲነካ እንደ ሐምሌ የሪያድ አስፋልት ይፋጃል። አጥንት ውስጥ አንድ አናጢ ቁጭ ብሎ መዶሻ የሚያሳርፍ ነው የሚመስለው። አንሶላ ሲነካህ እንኳ እናትህን ትጠራለህ። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ፤ የሰው ሕመም እንደ ራሴ የሚሰማኝ ሰው ነኝ።

ዓርብ ቀን የይማም ታላቅ እህት ፊርደውስ ወንድሟን ልትጠይቅ መጣች። ፊርደውስ የደሴ ልጅ ናት፤ ባዲዓ ባለ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። የተማረች፣ ነጭ ጋውን የምትለብስ፣ ሣቋን የምትቆጥብ ሴት ናት። እግሩን አየች። ከዚያ ወንድሟን አየች።

«ምን ሰጠኸው?»

«እኔ? ምንም። ቀይና ጥቁር።»

«ስንት ቀን ወሰደ?»

«አንድ ቀን ብቻ። ቆጣቢ ነው» አለ ይማም፣ ሊያመሰግነው ፈልጎ።

«ይማም፣ አንተ ልጅ፣ እኔ እህትህ ባልሆን ኖሮ አሳስርህ ነበር!» አለችና ወደ በሽተኛው ዞረች። «ይሄ እግር አሁኑኑ ክሊኒክ ካልሄደ ይቆረጣል። ወይ መርዙ ደም ውስጥ ይገባል። ያኔ የሚቆረጥ ነገርም አይኖርም።»

«ክሊኒክ ገብቼ በተርሂል በር ልውጣ?» አለ ሳዳም። ተርሂል ማለት ሰው የሚጠረዝበት እስር ቤት ነው። «በሁለት እግሬ ከምጠረዝ በአንድ እግሬ ሠርቼ ብበላ ይሻለኛል!»

ፊርደውስ ቁጭ ብላ አስረዳችው። መድኃኒት ጀምረህ ስትተወው የሚሞተው ደካማው ጀርም ነው። ጠንካራው ይተርፋል፣ ይወልዳል፣ ልጆቹም መድኃኒቱን የተላመዱ ሆነው ያድጋሉ። ያ ጀርም ደግሞ አንድ ሰው ላይ አይቀርም፤ ከአልጋ አልጋ፣ ከፎጣ ፎጣ ይዞራል። ነገ ይማም ጥፍሩን ሲልጠው ያው መድኃኒት አይሠራለትም።

ይማም እግሩን ሰብስቦ አልጋው ላይ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ፊርደውስ እግሬ ሥር ተንበረከከች። እውነቴን ነው፣ ተንበርክካ ለመነችኝ! «ጋሽ ሙሀባው፣ መንፉሐ ሙሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይህን ሕዝብ ከእርስዎ በቀር የሚያነቃው የለም። እባክዎን በላይቭዎ ይንገሩልኝ» አለች። እኔም እንባዋን ጠርጌ አነሳኋት።

የዚያኑ ዕለት ላይቭ ገባሁ። ከበስተጀርባዬ አረንጓዴ መጋረጃ ሰቅያለሁ፣ ሻሽ ጠምጥሜያለሁ።

«ወገኖቼ!» አልኩ። «መድኃኒት ይለመዳል! ጀርም ከመድኃኒት ጋር ይላመዳል! እንዳታላምዱት!»

መልእክቱ እንደ ጎርፍ መጣ። ሮዛ የምትባል የባዲዓ ተከታታዬ «አልሐምዱሊላህ ጋሼ፣ እኔማ ከተላመደኝ ቆየ፣ ምንም አይለኝም» ብላ ሦስት ልብ ላከች። ሌላው «መልመድማ ጥሩ ነው፣ እኔም ሪያድን የለመድኩት ተለማምጬ ነው» አለ። ሁሉም እርስ በርስ እንኳን ደስ ያለህ ይባባል ጀመር። ላስተካክል አፌን ስከፍት ይማም ከኋላዬ ጮኸ።

«ገባኝ! ጀርሙ የሚለምደው አንድ ዓይነት ክኒን ስለሚበላ ነው! ጠዋት ቀይ፣ ማታ ቢጫ፣ በነጋታው ነጭ ብትሰጠው ይደናገራል! እያቀያየራችሁ ዋጡ!»

አፉን ልይዝ ክፍሉን በአየር ላይ አቋርጬ ዘለልኩ። ግን ቃል ከወጣ ወጣ፤ መለከቱ ደግሞ የእኔ ነው፣ ሩቅ ይሰማል።

በማግሥቱ መንፉሐ የክኒን ገበያ ሆነች። ሰው እንደ ከረሜላ ይለዋወጣል። «እህቴ፣ ሁለት ቢጫ አለኝ፣ አንድ ነጭ ስጪኝ!» «ያላ፣ አረንጓዴ ያለው! የእኔ ጀርም አረንጓዴ አይቶ አያውቅም!» አንዷ ጀርሟን ለማደናገር የእናቷን የደም ግፊት ክኒን ውጣ ሲያዞራት ዋለ። ኡስማን የሚባል ጎረቤታችን ሾፌር ደግሞ ከማን እንዳገኛት እንጃ ሰማያዊ ዋጠ። ሰማያዊዋ የምን እንደሆነች ሲነግሩት ለፊርደውስ አልደወለም፤ ለሚስቱ ደወለ። ሚስቱ ያለችው ሐይቅ ነው። እሷም «ጀርሙ ይሻልሃል» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ሳዳምም አልቀረበትም። ትራሱ ሥር የነበረውን ከይማም ፌስታል ጋር ቀላቅሎ፣ ከየቀለሙ አንዳንድ፣ እንደ ቆሎ ዘግኖ ዋጠ። ጀርሙ ሊደናገር ነበር፤ የተደናገረው ሳዳም ነው። ትኩሳት ጣለው። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ከጣሪያው ጋር ያወራል፣ የአየር ማቀዝቀዣውን «ጌታዬ፣ ኢቃማዬን መልስልኝ» እያለ ይለምናል። ክሊኒክ ስንለው ግን እዚያው ትኩሳት ውስጥ ሆኖ «ተርሂል አልሄድም!» ይላል። ፊርደውስ በስልክ ለይማም አንድ ነገር ብቻ አለችው፤ «ዛሬ ካልመጣ ነገ እንዳታመጡት።»

እንግዲህ እኔ ሙሀባው የምለይበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ሰገነት ላይ ወጥቼ አሰብኩ። ነገሩን ያበላሸው አንዲት ቃል ናት። መላመድ! በእኛ አገር መላመድን ማን ይፈራል? ሙሽራ ከአማቷ ጋር ትላመዳለች፣ በሬ ቀንበር ይላመዳል፣ ሰው ከከፋ ካፊል ጋር እንኳ ይላመዳል። ጀርምና መድኃኒት ተላመዱ ስትለው ሐበሻ «ተዉአቸው፣ ይጋቡ» ነው የሚልህ። ሌላ ቃል ያስፈልጋል። ሐበሻ ቢራብ ይችላል፣ ቢደበደብ ይችላል፣ ቢጠረዝ ተመልሶ ይመጣል። የማይችለው አንድ ነገር ነው። ያን ነገር አገኘሁት።

ወርጄ በሳዳም ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

«ንቆሃል» አልኩት።

«ማን?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ጀርሙ።»

ዓይኑን ገለጠ። «እኔን?»

«አንተን። ቅልጥምህ ላይ ትራስ ተደግፎ ይቅማል። አንድ ቀን መተኸው ስለሮጥክ ወኔህን አይቶታል። 'ይሄ ያስፈራራል እንጂ አይጨርስም' ይልሃል። ቀይዋንም ልከህ አየ፣ ቢጫዋንም ልከህ አየ። አሁን ሁሉም ተሰልፈው ቢመጡ ይስቅባቸዋል።»

ሳዳም በክርኑ ተነሳ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። «አንድ በዓይን የማይታይ ነገር እኔን ናቀኝ?»

«በዓይን ሳይታይ ነው የናቀህ።»

«ሱሪዬን ስጡኝ!» አለ።

እንግዲህ ከመንፉሐ እስከ ባዲዓ ድረስ በፀሐይ፣ በእግሬ፣ አዝዬ ወሰድኩት። መኪኖች ይቆሙልኛል፣ እኔ «ሂዱ፣ አትዘግዩ» እላቸዋለሁ። ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ነበር። ሳዳም «ኢቃማዬ…» ብሎ ሊጀምር ሲል ሐኪሙ «ኸላስ! ያበጠው እግርህ ነው፣ ወረቀትህ አይደለም» ብሎ አስተኛው። ቁስሉን ከፍተው አጠቡት፣ በደም ሥሩ መድኃኒት ለቀቁበት። ከመግሉ ቀንሰው ለፊርደውስ ሰጧት።

ከቀናት በኋላ፣ ገና ክሊኒክ ሳለን፣ ፊርደውስ አንዲት ትንሽ ክብ ሰሃን ይዛ መጣች። ጀርሙን ሰሃኗ ላይ ዘርታው በቅሎ ነበር፤ ላዩ ላይ ደግሞ በየመድኃኒቱ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ደርድራለች። አየነው። ወላሂ በዓይኔ አየሁት! የቀይና ጥቁሯን ወረቀት ጀርሙ ተጠግቶ፣ ተደግፎ፣ ተመቻችቶ በቅሏል። የቢጫዋንም እንደዚሁ። የነጯንም። አንዲት ወረቀት ዙሪያ ብቻ ሰሃኑ ባዶ ነበር፤ ዝር ያለ የለም።

«ይህቺን ይፈራታል» አለች ፊርደውስ። «የቀረችን እሷ ናት። ቤት ሄደህ የምትውጣት ናት፤ እስክታልቅ። ሲሻልህ ብትተዋት እሷንም ይንቃታል። ከዚያ በኋላ ብትመጣ የምሰጥህ የለኝም።»

ያን ዕለት ሁለተኛውን ላይቭ ገባሁ። አቤት ያ ላይቭ! ሰሃኗን በካሜራው ፊት አዞርኳት። «ወገኖቼ፣ ተላመደ ያልኳችሁን ተዉት። ንቋችኋል! እናንተ ጀርሙን ናቃችሁት፣ ግማሽ ክኒን በቂው ነው አላችሁ። የናቁት ያስረግዛል ሲባል አልሰማችሁም? ይኸው የልጁ እግር ዘጠኝ ወሩ ገብቷል!» አልኩ። «ቀለም ብታቀያይሩለት አይደናገርም፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አይቶ ሁሉንም ይንቃል። የሐኪም ወረቀት የሌለው ክኒን አትዋጡ፣ ሐኪም የሰጣችሁን ደግሞ ጨርሱ። ለክፉ ቀን ብሎ ክኒን መቆጠብ ክፉ ቀንን በስም መጥራት ነው!»

 ከዚያ መንፉሐ ፌስታል ፌስታሉን ይዞ ወጣ። ኡስማን እያለቀሰ የቀሩትን ሰማያዊዎች ሁሉ አስረከበ፤ አንዷን ብቻ «ለማስታወሻ» ብሎ አስቀራት። ፊርደውስ ሁሉንም ሰብስባ በአግባቡ ወደሚወገድበት ወሰደችው። የይማም የሽሮ ፌስታል ውስጥ ዛሬ ያለው ሽሮ ብቻ ነው፤ እሱም ክኒን ክኒን ይላል። ከውጭ አገር ትልልቅ ሰዎች ሊያመሰግኑኝ ደውለው ነበር፤ ከብሳ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም።

ሳዳምም መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ውጦ ዳነ። አሁን እንደ ሚዳቋ ይዘላል። እግሩ ተረፈ፣ ቃሉን ያገኘሁለትም እኔ ነኝ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህንን ለሳዳም ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ሽንኩርት እየላጠ፣ ዓይኑ እያነባ፣ አንድም ጊዜ ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«እህ፣ ሳዳም? እውነት ነው አይደል?»

ቢላዋውን አስቀመጠ። እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ።

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እግሩ የእኔ አይደለም።»

«እንዴት ማለት?»

«ሚስማሩ የወጋው እርስዎን ነው። ሁሩብ የተባሉትም እርስዎ ነዎት፤ የእኔ ኢቃማ አላለቀም። ሲወጋዎት መጋዘኑ ሙሉ ነው የሰማው። ፊርደውስም የተንበረከከችው ቁስልዎን ልታይ ነው።» ድምፁን አልጨመረም። «'እያቀያየራችሁ ዋጡ' ብለው በላይቭ የተናገሩትም እርስዎ ነዎት። ይማምማ ተኝቶ ነበር። ባዲዓ የሄድነው በኡስማን መኪና ነው፤ ደረጃውን እኔ ነኝ አዝዬ ያወጣሁዎት። ሁለተኛውን ላይቭ ደግሞ ፊርደውስ ናት የሠራችው፣ ስልኩን እኔ ይዤላት። እርስዎ ክሊኒክ ተኝተው ነበር።»

«ቃሉስ? 'ናቀ' የሚለው ቃልስ?»

«እሱን እኔ ነኝ በጆሮዎ ያልኩዎት። ሌላ የሚያስነሳዎ ቃል አጣሁ።»

እግሬን አየሁት። ሁለት ትራስ ላይ ተዘርግቷል፤ ፋሻው ዛሬ ጠዋት ነው የተቀየረው። ሳዳም ወደ አልጋዬ ሄዶ ትራሴን አነሳና ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለች ነገር አወጣ። ፈታት። ክኒኖቹን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

«ጠዋት አልጋዎን ሳነጥፍ አገኘኋቸው። ያቺኛዋ ናት፣ ጀርሙ የሚፈራት።»

«ተሽሎኛል እኮ» አልኩ። «ለክፉ ቀን ነው።»

«ክፉው ቀን ዛሬ ነው፣ ጋሼ» አለና ውሃውን አቀበለኝ።